ካህን በየሳምንቱ በማይገኝበት ትንሽ አጥቢያ የጸሎት ሕይወት እንዴት ይጸናል?

ጠያቂ ምእመን፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። የምንገለገልበት አጥቢያ ትንሽ ነው፤ ሁላችንም ብንሰበሰብ ከአርባ ሰው አንበልጥም። የሚያገለግሉን ካህን ሌሎች ሁለት አጥቢያዎችን ደርበው ስለያዙ ወደ እኛ የሚመጡት በየሁለት ሳምንቱ ነው፤ እርሳቸው በሌሉበት እሑድ የምናደርገው ነገር ግን ስም የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰው ይመጣል፣ ሁለት ሦስት መዝሙር ይዘመራል፣ ማስታወቂያ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ ምን መከተል እንዳለበት የሚያውቅ ስለሌለ እርስ በርስ ተያይተን እንበተናለን። በሳምንቱ መካከል የነበረው የሠርክ ጸሎትም ይመሩት የነበሩት እናት በዕድሜ ምክንያት ከቤት መውጣት ካቆሙ ወዲህ ቀርቷል።

የአጥቢያው ጉባኤ ይህን ተመልክቶ ያቀረበው መፍትሔ ከሌላ ቦታ ሰባኪ መጋበዝ፣ ትልቅ መርሐ ግብር ማዘጋጀትና የተሻለ ድምፅ ማጉያ መግዛት ነው። ሐሳቡን ባልጠላውም፣ እንግዶቹ በተሸኙ ማግሥት የምንመለሰው ወደዚያው ባዶ እሑድ መሆኑ ያሳስበኛል። ሌላም የማልደብቀው ነገር አለ፤ ሁለት ቤተሰቦች ከተኳረፉ ቆይተዋል፤ አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ ይቀመጣል። በትልቅ ደብር ቢሆን ማንም ላያስተውለው ይችል ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን ሁሉም የሚያውቀውና ማንም የማያነሣው ጉዳይ ሆኗል።

ካህን በሌሉበት እሑድ ምን ማድረግ ይገባናል? ማንስ ይምራው? የሳምንቱን ጸሎት እንደገና ብንጀምር በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ እንዳይወድቅ ምን እናድርግ? ከየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ብትሆኑ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ እጠቀማለሁ።

ዳዊት ደጋሚ፦

ወንድማችን፣ ከሁሉ አስቀድመው የቤተ ክርስቲያንዎ ሥርዓት የሚፈቅደውንና የማይፈቅደውን ከካህኑ ጋር ተቀምጠው ይለዩ፤ ይህ ሳይለይ የሚጀመር ነገር ሁሉ ኋላ ክርክር ያመጣል። ሥርዓቱ ከቤት ቤት ይለያያል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ለመቀደስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት፣ በድምሩ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ስለዚህ አንድ ካህን ተገኝተው እንኳ ቅዳሴው ላይሟላ ይችላል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቀኖና ሕግ፣ በቁጥር 1248፣ ካህን ባለመኖሩ ቅዳሴ ማስቀደስ የማይችሉ ምእመናን በቃለ እግዚአብሔር ሥርዓት እንዲሳተፉ ወይም በግልና በቤተሰብ ሆነው በጸሎት እንዲተጉ አጥብቃ ትመክራለች፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካህን በማይገኝበት እሑድ የሚደረገውን ጸሎት የሚመራ ራሱን የቻለ መመሪያ ወጥቷል። በብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሽማግሌዎች ጸሎትና ስብከት መምራት ይችላሉ፣ የጌታ እራት ግን ብዙውን ጊዜ ለተሾመው አገልጋይ ይጠበቃል።

ድንበሩ ከተለየ በኋላ በእጅዎ የሚቀረው ከሚጎድለው እንደሚበዛ ያያሉ። መዝሙረ ዳዊት ያለ ካህን ይደገማል፤ ብሉይና ሐዲስ ይነበባል፤ ስለ ሕሙማን፣ ስለ ሙታን፣ ስለ መንገደኞች ይለመናል፤ የሃይማኖት ጸሎትና አቡነ ዘበሰማያት ይደረሳል። አጥብቄ የምመክርዎ አንድ ነገር አለ፤ የቅዳሴ አምሳያ አትሥሩ። መሪው ካህኑ በሚቆሙበት ስፍራ ቆሞ የካህኑን ቃል እየቆራረጠ ቢናገር ሕዝቡ የሚሰማው የጎደለውን ነገር ብቻ ነው። መሪው ከሕዝቡ መካከል ተነሥቶ፣ ፊቱንም ሕዝቡ ወደሚመለከትበት አቅጣጫ አድርጎ ቢጀምር ግን ሁሉም የሚያደርገው ጸሎት መሆኑን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ታሪክም ምስክር አለው። በጃፓን ክርስትና በ1614 እ.ኤ.አ. በአዋጅ ከታገደ በኋላ ካህናቱ ተባረሩ፣ በስውር የቀሩትም ተይዘው ተገደሉ፤ ምእመናኑ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያለ ካህን ቆይተው፣ በ1865 እ.ኤ.አ. በናጋሳኪ አዲስ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ለነበሩት ፈረንሳዊ ካህን ማንነታቸውን ገለጡ። ታሪኩ ሲነገር ስለ ስደቱ ብዙ ይባላል፤ እኔን ግን የሚደንቀኝ የሥራ ክፍፍላቸው ነው። በየማኅበሩ አንዱ የበዓላቱንና የአጽዋማቱን ቀን ይቆጥር ነበር፣ አንዱ ሕፃናትን ያጠምቅ ነበር፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ወደ ቤት እየሄደ መልእክት ያደርስ ነበር። ንስሐ የሚቀበል ካህን ስላልነበራቸውም ከልብ የመጸጸትን ጸሎት በቃላቸው ይደግሙ ነበር። በእርስዎ አጥቢያ ዛሬውኑ ሊሾም የሚገባው ሰው ይህ ቀን ቆጣሪ ይመስለኛል፦ የሚመጣው እሑድ ምንባብ የትኛው እንደሆነ፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ የማን መታሰቢያ እንደደረሰ አውቆ አስቀድሞ የሚያሳውቅ አንድ ሰው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ የእናንተ እሑድ ስም ያጣው ግን በእርሱ መጥፋት ነው።

እኅተ ማርታ፦

ሁለታችሁንም አንብቤ ተጠቅሜያለሁ፤ ሆኖም ስለ ጸሎት ሲጻፍ ዘወትር የሚዘነጋ አንድ ጥያቄ አለ፤ በሩን የሚከፍተው ማን ነው? በትንሽ አጥቢያ ውስጥ ቁልፍ የሚይዘው፣ ወለሉን የሚጠርገው፣ መብራቱን የሚያበራው፣ መጻሕፍቱን የሚያድለው፣ በመጨረሻም ወንበሩን የሚሰበስበው ብዙውን ጊዜ ያው አንድ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሴት ናት። እኔ በዚህ አገልግሎት ቆይቻለሁ። ሌላው በመዝሙር ተመስጦ ሳለ እኔ የማስበው የጧፉ ሰም በአትሮንሱ ልብስ ላይ መንጠባጠቡን ነበር። ሰሙ ከደረቀ በኋላ በቢላ ጀርባ ይፋቃል፣ የቀረው ደግሞ በወረቀት ተሸፍኖ በሞቀ ካውያ ይነሣል፤ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ያ ሰው ጸሎት ላይ ቆሞም አይጸልይም።

ስለዚህ የሠርኩን ጸሎት ከመጀመራችሁ በፊት ሥራውን ከፋፍሉ። ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ሰው ይኑር፤ ማንም ሰው በተከታታይ ሁለት እሑድ አንድን ሥራ አይሥራ። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ፣ ማብሪያው በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደሆነ፣ መጻሕፍቱ ከየትኛው ሣጥን እንደሚወጡ፣ ባለ ተራው ቢታመም ለማን እንደሚነገር በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ይለጠፍ፤ ትናንት የመጣ ሰው ወረቀቱን አንብቦ ሥራውን መጀመር መቻል አለበት። ከዚህም በላይ የሚያገለግሉት ሰዎች ምንም ሳይሠሩ መጥተው የሚቀመጡበት እሑድ በተራው ውስጥ ይጻፍላቸው፤ ካልተጻፈ አያርፉም፣ አውቃቸዋለሁ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው ሐዋርያት፣ የመበለቶች ዕለታዊ አገልግሎት ቸል መባሉ በኢየሩሳሌም ማጉረምረም ባስነሣ ጊዜ ሰባት ሰዎችን አስመርጠው ሾሙ፤ ማዕድ ማገልገል እንደ ተራ ጉዳይ ቢቆጠር ኖሮ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰዎች ይመረጡ ባልተባለም ነበር። እናቱ ከቤት መውጣት ሲያቆሙ ጸሎቱ መቆሙ የምእመናኑን ፍቅር ማነስ አያሳይም፤ የሚያሳየው ሥራው ሁሉ በእርሳቸው እጅ ብቻ እንደነበረ ነው።

ጠያቂ ምእመን፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ቀን ቆጣሪውና በበሩ ላይ ስለሚለጠፈው ወረቀት ለጉባኤው አቀርባለሁ። አንድ ክርክር ግን እንደሚገጥመኝ ከአሁኑ ይታየኛል፤ ከጉባኤው አባላት አንዱ «ሰው ከሩቅ መጥቶ ግማሽ ሰዓት ጸልዮ ይመለስ ማለት እግዚአብሔርንም ሰውንም መናቅ ነው» ይላሉ። ጸሎቱ ረዘም ካላለ ሰው አይመጣም የሚል ሐሳብ አላቸው። ሁለተኛው ችግሬ ንባብ ነው፤ የሚያነቡልን ሰዎች በዚያው ሰዓት ከወንበር የሚነሡ ናቸው፤ ስሞች ይሳሳታሉ፣ ድምፁም አይሰማም።

አረጋዊ አንባቢ፦

ስለ ርዝመት የተባለውን እኔም ስሰማው የኖርሁት ነው። የምዕራቡን የምንኩስና ሕይወት በሥርዓት ያስያዘው ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለመነኮሳት ባዘጋጀው ሥርዓት፣ በምዕራፍ 20፣ ጸሎት አጭርና ንጹሕ እንዲሆን፣ በማኅበር የሚደረገው ደግሞ ፈጽሞ እንዲያጥር ያዝዛል፤ በብቸኝነት የሚጸልየውን ሰው የእግዚአብሔር ጸጋ ቢያስረዝምበት ግን አይከለክለውም። ይህን የሚለው ሌሊትና ቀን እየተነሡ መዝሙር ለሚደግሙ፣ በሳምንት ውስጥ መቶ ሃምሳውንም መዝሙራት ለሚጨርሱ ሰዎች ነው። ለእነርሱ አጭር ይበቃ ከነበረ ከሥራ ደክሞ ለሚመጣ ሰው ግማሽ ሰዓት ንቀት ሊሆን አይችልም። ሰው ከሩቅ የሚመጣው ለርዝመት ብሎ አይደለም፤ ሰዓቱ እንደማይዛነፍ ካወቀ ይመጣል። በሰባት ሰዓት ከሩብ የሚጀምር ጸሎት ሁልጊዜ በሰባት ሰዓት ከሩብ ይጀመር፣ ሦስት ሰው ብቻ ቢኖርም ይጀመር፤ «ሰው እስኪሞላ» እየተባለ የሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ በሰዓቱ የመጣው እየተቀጣ ያረፈደው የሚሸለምበት ቦታ ነው።

ባለቅኔው ጆርጅ ኸርበርት ከ1630 እስከ 1633 እ.ኤ.አ. ድረስ በእንግሊዝ አገር፣ በሶልዝቤሪ አጠገብ በምትገኘው በቤመርተን የገጠር አጥቢያ ካህን ነበረ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ኢዛክ ዋልተን እንደሚተርከው ኸርበርት በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ከቀትር በፊትና በኋላ፣ በታወቀ ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ይጸልይ ነበር፤ የደወሉን ድምፅ የሰሙ አንዳንድ ገበሬዎችም ማረሻቸውን አቁመው ባሉበት ሆነው ይጸልዩና ወደ እርሻቸው ይመለሱ ነበር። ዋልተን ታሪኩን የሚጽፍለትን ሰው ማሞገስ እንደሚወድ አይካድም፤ ቢሆንም ነጥቡ ግልጽ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያልመጡትም የጸለዩት ሰዓቱን ስለሚያውቁት ነው። ከቤት መውጣት ያልቻሉት እናትም ጸሎቱ በየትኛው ሰዓት እንደሚጀመርና የትኞቹ መዝሙራት እንደሚደገሙ ከታወቀላቸው በቤታቸው ሆነው የማኅበሩ ተሳታፊ ይሆናሉ።

ንባብን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። ምንባቡ ለአንባቢው ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ይሰጠው፤ በቤቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደጋግሞ ያንብበው፤ የሚያስቸግሩትን ስሞች አስቀድሞ ይጠይቅ። ወደ አትሮንሱ ከቀረበ በኋላ የወንበሩ ድምፅ ጸጥ እስኪል አፉን አይክፈት። ሲጨርስ ማብራሪያ አይጨምር፣ «ከዚህ የምንማረው» አይበል፤ ዝም ብሎ ይቁም። ዝምታው ምን ያህል ይሁን ለሚል ሰው፣ አቡነ ዘበሰማያትን በልቡ ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ እስኪደግም ድረስ ይሁን እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰው ይጨነቃል፣ ያስላል፣ ሰዓቱን ያያል፤ ታገሡት። እኔ በግሌ ከብዙ ስብከት ይልቅ በዚያ ዝምታ ውስጥ የተነበበው ቃል ሲገባኝ አይቻለሁ፤ ሰባክያን ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝ።

ከዳር ተመልካች፦

የተጻፈው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ትንሽ አጥቢያን እንደ ቤተሰብ እየሣልን የማናነሣው ሌላ ገጽ አለው። በአርባ ሰው መካከል መደበቂያ የለም። አንድ እሑድ የቀረ ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል፤ የፍቅር ጥያቄ ነው፣ ሆኖም በሦስተኛው ሰው ዘንድ ወሬ ሆኗል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በጸሎት ርእስ ስም የሚነዛው ሐሜት ነው። «ስለ እገሌ እንጸልይ» ተብሎ ይጀመርና የእገሌ ትዳር፣ ዕዳውና የሐኪም ቤት ውጤቱ ሳይቀር ዓይናችንን ጨፍነን እንሰማለን፤ በ«አሜን» ስለሚዘጋ ሐሜት መሆኑን የሚናገር ሰው አይኖርም። እኔ ራሴ ከአንድ ትንሽ ማኅበር የራቅሁት ያልነገርኋቸውን የራሴን ነገር በጸሎት መልክ ተዘርዝሮ ስለሰማሁት ነው።

መድኃኒቱ ከባድ አይመስለኝም። ስም ብቻ ይጠራ፤ ምክንያቱ አይነገር። የሚጸለይለት ሰው ስሙ እንዲጠራ መፍቀዱ አስቀድሞ ይጠየቅ። ስሙ እንዲጠራ የማይፈልግ ሰው «በልባችን ስለያዝናቸው» በሚለው ልመና ውስጥ ይካተት። አዲስ የመጣ ሰውም ይታሰብ፤ እንግዳን በመጀመሪያው ቀን ከፊት አስነሥቶ ስሙንና የመጣበትን ማስነገር በትልቅ ጉባኤ ደስ ያሰኝ ይሆናል፣ በትንሽ አጥቢያ ግን ሰውን ያሳቅቃል። በሩ ላይ አንድ ሰው ሰላም ብሎት፣ መጽሐፉን ገልጦ ሰጥቶት፣ የሚቀመጥበትን ራሱ እንዲመርጥ ቢተወው ይበቃል።

ዳዊት ደጋሚ፦

ከዳር ተመልካች ያሉት ጠንካራ ነው፤ ስለ ስም መጥራት ያቀረቡትን ያለ ማሻሻያ እቀበለዋለሁ። አሁን ወደ ተኳረፉት ቤተሰቦች ልምጣ፤ ጠያቂው ወንድማችን እንደ ተጨማሪ ነገር ቢያነሡትም እኔ የጉዳዩ ልብ ይመስለኛል። ጌታ በማቴዎስ 5፥23-24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል። «የዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ትምህርት» የተሰኘው ጥንታዊ ጽሑፍም በምዕራፍ 14 ከባልንጀራው ጋር የተጣላ ሰው እስኪታረቅ ድረስ ከማኅበሩ ጋር እንዳይሰበሰብ ያዝዛል፤ ምክንያቱንም ሲናገር መሥዋዕታችሁ እንዳይረክስ ይላል። የመጀመሪያዎቹ ማኅበራት በየቤቱ የሚሰበሰቡ፣ ቁጥራቸውም ከእናንተ ብዙ የማይርቅ ስለነበሩ ትእዛዙ የተጻፈው እንደ እናንተ ላለ አጥቢያ ነው ብል ድፍረት አይሆንብኝም።

አረጋዊው ወንድማችን በጠቀሱት የቤኔዲክቶስ ሥርዓት ውስጥ ደግሞ፣ በምዕራፍ 13፣ በነግህና በሠርክ ጸሎት መጨረሻ ላይ አቡነ ዘበሰማያትን አለቃው ሁሉም እየሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመው ዘንድ ታዟል፤ በሌሎቹ ሰዓታት ግን የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው በድምፅ የሚባለው። ምክንያቱን ሲያስረዳ በማኅበር ውስጥ የቅሬታ እሾህ መብቀሉ ስለማይቀር፣ «ይቅር በለን፣ እኛም ይቅር እንደምንል» የሚለው ቃል በቀን ሁለት ጊዜ እንዲያነጻቸው ነው ይላል። ማንንም በስም ሳይጠራ፣ ማንንም ሳያሳፍር፣ በቀኝም በግራም የተቀመጠው ሰው አንዱን ቃል በአንድ ድምፅ ይላል። እናንተም ካህን በሌሉበት እሑድ ይህን ጸሎት አታሩጡት፤ ከ«ይቅር በለን» በፊት ትንፋሽ የሚያህል ቆም በሉ።

ይህ ግን ሽምግልናን አይተካም። ማቴዎስ 18፥15-17 የሚያስቀምጠው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው፤ አስቀድሞ ለብቻ፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዎች ጋር፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ለማኅበሩ። ብዙ አጥቢያዎች የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው፤ ጉዳዩ በጉባኤ ፊት ይነሣና ሁለቱም ወገን ለክብሩ ሲል ይደርቃል። ሁለቱንም የሚወዱ፣ ከሁለቱም ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌላቸው ሁለት ሰዎች በየቤታቸው ሄደው በመጀመሪያ ይስሟቸው። ስለ ዕርቅ በዚያን ቀን ምንም አይናገሩ።

እኅተ ማርታ፦

ዳዊት ደጋሚ፣ የጻፉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልጨምር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድም። ሁሉ ኩርፊያ አንድ ዓይነት አይደለም። በወንበር ወይም በመዝሙር ምርጫ የተጣሉ ሰዎች አሉ፤ ገንዘብ የተካዱ፣ የተደበደቡ ወይም ልጃቸው የተጎዳባቸው ሰዎችም አሉ። ለኋለኞቹ «ታረቁ፣ የአጥቢያው ሰላም ይጠበቅ» ማለት የተበደለውን ዝም በል ማለት ነው፤ በትንሽ አጥቢያ ይህ የሚፈጸመው በዳዩ ብዙ ጊዜ የሚወደድ አገልጋይ ስለሆነ ነው። በሕፃን ወይም በደካማ ላይ ግፍ ተፈጽሞ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ሽማግሌዎች ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሕግና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የበላይ አካል መሄድ አለበት። ስለዚህ የሚላኩት ሁለት ሰዎች የመጀመሪያ ሥራ የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት ይሁን። ከሁለቱም አንዷ ሴት ትሁን ብዬ እጨምራለሁ፤ ለወንድ ሽማግሌ ብቻ የማይነገር ብዙ ነገር አለ።

ዳዊት ደጋሚ፦

በሁሉም እስማማለሁ፤ የእኔ ጽሑፍ ይህን መለየት ሳያነሣ ማለፍ አልነበረበትም።

የቡድን መሪ፦

እኔ ከወንጌላውያን ወገን ነኝ፤ ውይይቱን ስከታተል ቆይቼ ስለ ሕሙማንና ከቤት ስለማይወጡት ጥቂት ልጨምር ወደድሁ። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ለሮም ንጉሠ ነገሥት ባቀረበው መከላከያ የእሑዱን ጉባኤ ሲገልጽ፣ ዲያቆናቱ ከቀረበው ለቀሩት ሰዎች ይዘው እንደሚሄዱ፣ የተሰበሰበውም ገንዘብ ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች እንደሚውል ጽፏል። ስለዚህ የቀረው ሰው ከጥንት ጀምሮ በሥርዓቱ ውስጥ ቦታ ነበረው።

በእኛ በኩል ደግሞ የሜቶዲስቶች ታሪክ ጥሩ ትምህርት አለው። በ1742 እ.ኤ.አ. በብሪስቶል የንቅናቄው መሥራች የጆን ዌስሊ ማኅበር ለጸሎት ቤቱ ሥራ የገባበትን ዕዳ ለመክፈል ምእመናኑ ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት እየሆኑ ተከፋፈሉ፤ የየክፍሉም መሪ በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ ሰው አንድ ፔኒ እንዲሰበስብ ተወሰነ። መሪዎቹ ገንዘቡን ሊቀበሉ በየቤቱ ሲገቡ ማን እንደታመመ፣ ማን ተስፋ እንደቆረጠ፣ ማን ከሚስቱ ጋር እንደተጣላ አዩ፤ ዌስሊም ለዕዳ የተጀመረው ነገር ነፍስን ለመጠበቅ ሲፈልገው የኖረው መሣሪያ መሆኑን ተረዳ። አርባ ሰው ላለው አጥቢያ ሦስት ወይም አራት እንዲህ ያሉ ክፍሎች ይበቃሉ፤ ተኳርፈው ያሉትን ቤተሰቦች ግን በአንድ ክፍል አትመድቡ፣ ገና ነው።

ስለ አጠያየቁም ትንሽ ልበል። ሁለት ሰው ይሂድ እንጂ ብዙ ሆናችሁ አትሂዱ፤ ሕመምተኛ ለብዙ እንግዳ ፊት ማሳየት ይደክመዋል። አስቀድሞ ይነገራቸው። ስትገቡ አትቁሙ፣ ተቀመጡ፤ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ለመሄድ የቸኮለ ይመስላል። ስለ ሌላ ሰው ሕመም አታውሩ፣ መድኃኒት አትዘዙ። የዕለቱን መዝሙር አንብቡላቸው፤ ከዚያም «ልንጸልይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ዛሬ አይሆንም ካሉም ሳትቀየሙ ተነሡ። እናቲቱ ጸሎቱን ይመሩ የነበሩ ከሆነ ደግሞ እርሳቸው ይምሩ፤ ጠያቂዎቹ አሜን ይበሉ።

ጠያቂ ምእመን፦

ከጠበቅሁት በላይ አግኝቻለሁ፤ ሁሉንም አመሰግናለሁ። ካህኑን በስልክ አግኝቼ እርሳቸው በሌሉበት እሑድ መዝሙር፣ ሁለት ምንባብ፣ ልመናና አቡነ ዘበሰማያት እንዲሆን፣ መሪውም ከሕዝቡ መካከል እንዲጀምር ፈቅደዋል። ወደ ሁለቱ ቤተሰቦች የሚሄዱትን ሰዎች እርሳቸው ራሳቸው እንደሚመርጡ ነግረውኛል። ድምፅ ማጉያው ይገዛ ይሆናል፤ አልከራከርም፣ አንባቢዎቻችን ያስፈልጋቸው ይሆናል።

ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ። የመጀመሪያው ስለ ልጆች ነው፤ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ልጆች አሉን፤ በዝምታው ጊዜ ምን እናድርጋቸው? ሁለተኛው፣ የሠርኩን ጸሎት በየትኛው መዝሙር እንጀምር?

እኅተ ማርታ፦

ልጆቹን ሥራ ስጧቸው እንጂ ወደ ውጭ አታስወጧቸው። ማንበብ የሚችለው የመዝሙሩን አዝማች ይምራ፤ የማይችለው መጽሐፍ ያድል፣ ሲያልቅም ቆጥሮ ወደ ሣጥኑ ይመልስ። ዝምታውን ከአዋቂ ይልቅ ልጅ ቶሎ ይለምደዋል፤ የሚያስቸግረው ልጁን «ዝም በል» የሚለው አዋቂ ነው።

ዳዊት ደጋሚ፦

ለሠርክ ከጥንት ጀምሮ የተለመደው «ጸሎቴን በፊትህ እንደ ዕጣን ተቀበልልኝ» የሚለው መዝሙር ነው፤ አጭርም ስለሆነ ለጀማሪ ማኅበር ይስማማል። ከእርሱ ቀጥሎ ከመዝሙር አንድ ጀምራችሁ በየጊዜው ሁለት ሁለት እየደገማችሁ ሂዱ፤ ምርጫ ከገባበት ሁልጊዜ የሚወደዱት ብቻ ይደገሙና የልቅሶዎቹ መዝሙራት ይቀራሉ፣ የሚያለቅሰው ሰው ደግሞ በመካከላችሁ አለ።

በየሳምንቱ የምታዩትን አንድ ግርግር ግን ከአሁኑ አስወግዱት። የመዝሙራት ቁጥር በመጽሐፍ ቅዱስ እትሞች መካከል ይለያያል፤ የሰብዓ ሊቃናትን አቆጣጠር በሚከተሉ መጻሕፍት ይህ መዝሙር 140 ሲሆን የዕብራይስጡን በሚከተሉት 141 ነው፤ ከመዝሙር 10 ጀምሮ እስከ 147 ድረስ አብዛኞቹ እንዲህ በአንድ ቁጥር ይዛነፋሉ። ሰው ከየቤቱ የየራሱን መጽሐፍ ይዞ ስለሚመጣ መሪው ቁጥሩን ብቻ ከጠራ ግማሹ ሌላ መዝሙር ይጀምራል። ስለዚህ ቀን ቆጣሪው በወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ቁጥሮች ይጻፍ፣ መሪውም ከቁጥሩ ጋር የመጀመሪያውን ስንኝ ያንብብ።